የአየለ ሙያ በማስ ወንዝ ላይ

ይህን ታሪክ የምጽፈው ሌላ ሰው ለመውቀስ አይደለም። ጥፋተኛው እኔው ነኝ። ለሰው ትምህርት ይሆናል ብዬ ስለማምን ገበናዬን በገዛ እጄ አወጣዋለሁ።

እኅቴ ብርነሽና ባለቤቷ አየለ የሚኖሩት ሆላንድ፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ነው። አየለ በማለዳ ባቡር ራይስዋይክ ወደሚባል ከተማ ይሄድና የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ወለል ሲያጸዳ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ግን የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ወንዝ ይወርዳል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ዓሣ ማጥመድን ከአባቱና ከአያቱ የወረሰ ሰው ነው። እኛ ቤት ይህ ትልቅ ነውር ነበር። አያታችን ባላባት እንደነበሩ ለጠየቀንም ላልጠየቀንም የምናወራ ሰዎች፣ የዓሣ አጥማጅ አማች አለን ብለን እንዴት አፋችንን እንከፍታለን? ስለዚህ ከብርነሽ ጋር መከርንና ለጽዋ ማኅበራችን አባላት «አየለ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እዚህም ቢሮ ነው የሚሠራው» አልን። የአሥር ዓመቷን ልጃቸውን ሰገነትን እንኳ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ስትባል «ቢሮ» እንድትል አስጠናናት። አየለ ይህን ሁሉ እየሰማ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 መስከረም ላይ አየለ በሮተርዳሙ የማስ ወንዝ በሚደረገው የባለሙያዎች የዓሣ ማጥመድ ውድድር ለመጨረሻው ዙር አለፈ። አሸናፊውን አንድ የማጥመጃ ዕቃ አምራች በቋሚነት ሊቀጥረው ቃል ገብቷል። አየለ መጥረጊያውን አስቀምጦ በተወለደበት ሙያ የሚኖርበት ዕድል ይህ ብቻ ነበር።

ብርነሽ እኔ ወደምኖርበት ወደ ዴን ሃግ ደወለች። «ጋሼ ወልደየስ፣ ሰገነት ካልሄድን ብላ ታለቅሳለች። ብቻዬን ከምሸማቀቅ አብረኸን ና።»

«እሺ፣ ግን ራቅ ብለን ነው የምንቆመው» አልኳት።

ሱፍ ለበስኩ፣ ክራባት አሰርኩ፣ ጥቁር መነጽር ደነቀርኩ። ሀበሻ ቢያየኝ በአጋጣሚ የማልፍ ለመምሰል ነበር። ሰማዩ እንደሆነ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነው።

«አጎቴ፣ ፀሐይ የለም እኮ! ለምንድን ነው መነጽር ያደረግኸው?» አለችኝ ሰገነት።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አየለ እየሮጠ መጣ። የጀልባ ጓደኛው ሄንክ ሌሊቱን ወገቡን አሞት ቀርቷል። ሕጉ ደግሞ በአንድ ጀልባ ሁለት ሰው ይላል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰው ካላገኘ ከውድድሩ መሰረዙ ነው።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ምንም ለምኜዎት አላውቅም» አለ። «ዛሬ ብቻ አብረውኝ ይግቡ። ሥራዎ መረቡን ይዞ እኔ የሳብኩትን ዓሣ ማውጣት ነው።»

«አንተ ሰው፣ እኔን ዓሣ አጥማጅ ልታደርገኝ ነው? ሰው ቢያየኝስ?»

«ተወው አየለ» አለች ብርነሽም። «ሌላ ጊዜ ይደርሳል።»

የአየለ ፊት አንጀት ይበላ ነበር። ሰገነት እጅጌዬን ጎተተች። «ኮም ኦፕ፣ ና እንጂ አጎቴ! ፈሪ ነህ እንዴ?»

የባላባት የልጅ ልጅ በልጅ አፍ ፈሪ ተባልኩ! እውነቱን ለመናገር ለአየለ አዝኜ ሳይሆን እልህ ይዞኝ ከነክራባቴ ጀልባው ውስጥ ገባሁ።

እዚያ ያገኘሁት የማላውቀውን ሰው ነው። ማኅበር ላይ አንገቱን የሚደፋው አየለ ቀና ብሎ ያዝዘኛል። ትልልቅ መርከቦች ሲያልፉ ውኃው ወዴት እንደሚገፋ ያያል፣ ጣቱን ክሩ ላይ አሳርፎ ያዳምጣል፣ ከዚያ «አሁን» ይላል። ሲል ደግሞ ዓሣው አለ! ሆላንዶች ስኑክባርስ የሚሉትን ጥርሳም ዓሣ እስከ ቀትር አራት አወጣን። የሚመዘነው አምስት ነው። አንድ ትልቅ ዓሣ ቢጨመር አንደኛ ነን።

ከሰዓት በኋላ ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። «ጋሼ፣ መረቡን!» አለ አየለ። መረቡን ዘርግቼ ቀና ስል ወንዙ ዳር የቆሙትን የማኅበራችንን ሰብሳቢ፣ አቶ ገብረመድህንን አየሁ። እንዳያዩኝ ጎንበስ ስል መረቡ ከእጄ ተንሸራተተ። ዓሣው አንድ ጊዜ ተገላበጠና ክሩን በጥሶ ሄደ።

አየለ የተበጠሰውን ክር ጠቀለለ። «ጋሼ፣ ይህን ዓሣ ያጣነው እርስዎ ስላፈሩብኝ ነው» አለ በዝግታ። «እኔ በአባቴ ሙያ አፍሬ አላውቅም። ዝም ያልኩት ብርነሽን ስለምወዳት ነው።»

ስድብ ቢሆን እመልስለት ነበር። እውነት ስለሆነ ምን ልበል? አባቴ ሥራ የሠሩበትን አንድም ቀን አላስታውስም፤ እኔም አምስተርዳም አንድ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ሳጥብ ኖሬ ለሰው የምነግረው ሥራ አስኪያጅ ነኝ እያልኩ ነው። መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። ክራባቴንም ፈታሁ። መረቡን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ያሻው ይየኝ ብዬ በጉልበቴ ተንበረከክሁ።

«ይቅር በለኝ፤ በል ጣል» አልኩት።

ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ዘንጉ እንደገና ጎበጠ። ያ ዓሣ እንዴት ታገለን! እጄ ተቆርጦ ካልወደቀ በቀር መረቡን እንደማልለቅ ለራሴ ማልሁ። ከነሱፌ እስከ ወገቤ ርሼ አወጣሁት።

ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ጮኸ። አንደኛ! ብርነሽ ተሸማቅቃ ከቆመችበት ሰው እየገፋች ወጣች። «እልልልል! ባሌ ነው! የእኔ ባል ነው!» አለች። ሆላንዶቹ እልልታውን ሰምተው አፋቸውን ከፈቱ።

የውድድሩ አስተዋዋቂ ድምፅ ማጉያውን ለሰገነት አቀረበና አባቷ ሥራው ምን እንደሆነ በደችኛ ጠየቃት። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። ያስጠናናትን ትበል ወይስ ያየችውን? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«እውነቱን ተናገሪ፣ ልጄ» አለች ብርነሽ፣ እንባዋ እየወረደ።

«ፓፓ ኢስ ቪሰር!» አለች ሰገነት። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው ማለቷ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ አጨበጨበ፤ አየለም የተሸለመውን ዋንጫም የተገባለትን ሥራም ረስቶ ልጁን አንሥቶ አቀፋት።

አቶ ገብረመድህን ሰዉን ሰንጥቀው መጡ። አሁን ጉዴ ፈላ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የአየለን እርጥብ እጅ ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

«የእኔ አባት ሸማኔ ነበሩ» አሉ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ለአንድ ሰው አልነገርኩም። እናንተ እንዳትንቁኝ ፈርቼ።»

እኛ እሳቸውን ስንፈራ እሳቸው እኛን ሲፈሩ ኖረዋል! ወገኖቼ፣ ያበላንን ሙያ የናቀው ባዕድ ሳይሆን እኛው ነን፤ ውሸቱንም ለልጆቻችን ያስጠናነው እኛው ነን። እስቲ የአባታችሁን ሙያ ዛሬውኑ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። እኔ፣ የሰሃን አጣቢው ወልደየስ፣ ጀመርኩ።