የሰከረው ሐመልማል

በእንድራቅ መንግሥት፣ በንጉሥ ዛምሪ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ጋሻ የሚያህል ቅጠል ከሐመልማለ ነገሥት ተገንጥሎ በንጉሡ ማዕድ ላይ ወደቀ። ቅጠሉ ቢጫ ነበር፤ ይሸትም ነበር። መኳንንቱ አፍንጫቸውን ሸፍነው እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ሊቀ ጠበብቱ ተነሥቶ፣ «ደስ ይበላችሁ! ሐመልማሉ ለንጉሣችን እጅ መንሻ አቀረበ!» ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ለአንዳንድ ሰው ራስ የተሰጠው ዘውድና ቆብ ለመሸከሚያ ብቻ ነው።

ሐመልማለ ነገሥት በቤተ መንግሥቱ አዕማድ ላይ ተጠምጥሞ እስከ ጣራው የሚወጣ፣ ከሩቅ ተራራ የመጣ ሐረግ ነበር። ትንፋሹ ከቅጥሩ ውጭ የሚያደባውን የእርሳት ጉም ያባርራል። ያ ጉም የገባበት ሰው መጀመሪያ የጎረቤቱን ስም፣ ቀጥሎ የወለዳቸውን ልጆች ይረሳል። ሐረጉ ታመመ ማለት እንግዲህ እንድራቅ ታመመች ማለት ነው።

ታዲያ ማን አሳመመው? ራሳቸው! በእንድራቅ ሥርዓት እያንዳንዱ ባላባት በየማለዳው አንድ ጽዋ ጠጅ ከሐረጉ ሥር ያፈስሳል። ታማኝነቱ የሚመዘነው በጽዋው ትልቅነት ነው። አባት በዋንጫ ቢያፈስስ ልጅ በብርሌ አይመጣም፤ ገንቦ አሸክሞ ይመጣል። ቅጠሉ በገረጣ ቁጥር «ጠማው» እያሉ ጨመሩለት።

ከሁሉ ትልቁን ጽዋ የሚያፈስሰው የጽዋው አለቃ ራስ ደምፀ ነበር። ትንግርት የምትባል ጎበዝ ልጅ ነበረችው። አንድ ማለዳ ትንግርት የእናቷን ጠጉር ስታበጥር እናቷ ዘወር ብለው አዩአትና በትሕትና፣ «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቱ ማበጠሪያውን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። በተሰበሰበው መኳንንት ፊት እጇን እስከ ክርኗ በሐረጉ ግርጌ ካለው ጭቃ ከትታ፣ እንደ ከረመ ጎመን የላመ ጥቁር ሥር መዝዛ አወጣች።

«አባቴ፣ ይህ የተጠማ ሥር ይመስልዎታል?»

«አፍሽን ያዢ! አባቶቻችን ሲያፈስሱ ኖረዋል!» አለ ራስ ደምፀ።

«ሲያሰክሩት ኖረዋል። ሥሩ አልቆለታል። ጫፉ ግን ገና ጤነኛ ነው፤ ከመስኮቱ በላይ ያለው አንጓ ጠንክሮ አፈር ሳይነካ በአየር ላይ ሥር አውጥቷል። እሱን ቆርጠን በደረቅ አፈር ካልተከልነው እርስ በርስ ሳንተዋወቅ እናልቃለን።»

«ቆርጠን» የሚለው ቃል ሲሰማ መኳንንቱ እጃቸውን ወደ ካባቸው ውስጥ ሰበሰቡ። ሐመልማሉን በስለት የነካ እጁ ይቆረጥ የሚል ሕግ ነበራቸውና። ንጉሡ ብዙ አሰበ። አስቦ አስቦም በጠጁ ላይ ማር እንዲጨመር አዘዘ።

ትንግርት ወደ ቤቷ ተመልሳ ጦር ውርወራ ያስተማራትን ሽማግሌ ወታደር ጓንጉልን ጠራችው። በፊቱም እጇን አንሥታ፣ «እኔን በረሳች በእናቴ እምላለሁ! ይህ ሐረግ ዳግም ሳያቈጠቍጥ የእንድራቅን በር ተመልሼ አልረግጥም!» አለች።

«መሐላሽስ ያምራል» አለ ጓንጉል፤ «ቢላሽ ነው የዶለዶመው። ወዲህ በይው፣ ልሳለው።»

ንጋት ላይ ትንግርት በአዕማዱ ወጥታ ከአንጓዎቹ ሥር ሦስት ቁራጭ ቆረጠች። ቁስላቸው እንዲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከጓንጉል ጋር ወደ ደብረ ረመጥ አቀናች። የመጀመሪያው ንጉሥ ሐረጉን ያመጣው ከዚያ አመዳም ተራራ እንደ ነበር ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ከመኳንንቱ ግን ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ አንድም አልነበረም።

ተራራውን የሚጠብቀው ጉልማጥ የሚባል ዕውርና ደንጊያ ለበስ አውሬ ነው። አያይም፤ እርጥበት ግን ከሩቅ ይሸተዋል። ውኃ፣ ትኩስ ደም፣ ያልደረቀ የቅጠል ቁስል ከሸተተው ተራራውን ንዶ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱ መንገደኞች ከተራራው ግርጌ ውኃቸውን ሁሉ ደፍተው፣ ከንፈራቸው እየደረቀ ወጡ። ቁራጮቹ ቁስላቸው ሽሮ ስለ ነበር አውሬው አልነቃም።

ጓንጉል ግን የእንድራቅ ሰው ነው። የያዘው ቁራጭ ቅጠሉን ሲያጥፍ አይቶ አንጀቱ አልችል አለ። አፏን ደፍኖ በጉያው የደበቃትን የውኃ ቅል አወጣና፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ጠምቶህ ነው» እያለ ጠብ አደረገለት። ወዲያው ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች።

«ጓንጉል! ምን አደረግህ?»

«አባቶቼ ያደረጉትን» አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጄ፣ ስድስት ጊዜ ዘምቻለሁ፤ እንደዛሬ የጅል ሥራ ግን ሠርቼ አላውቅም። አንቺ ሁለቱን ያዢና ወደ ላይ ውጪ። ይህን እኔ እመልሰዋለሁ።»

የቀረውን ውኃ በራሱ ላይ አፈሰሰና የረጠበውን ቁራጭ እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ እየፎከረ ቁልቁል ሮጠ። ጉልማጥም ከኋላው ወረደ። ፉከራው ከገደሉ ሥር ድንገት ተቋረጠ። ትንግርት ማልቀስ ፈለገች፤ ነገር ግን እንባም እርጥብ ነው። ዋጥ አድርጋ ወደ ላይ ወጣች።

ሁለቱን ቁራጮች በለብታው አመድ ላይ ተከለቻቸው። አንደኛው ጠወለገ። ሁለተኛው ግን ከብዙ ጥበቃ በኋላ ነጫጭ ሥር አውጥቶ አዲስ ቅጠል ጠቀለለ። ትንግርት ብቻዋን፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ሳቀች። በስንቋ ሸክላ ውስጥ ከአመዱ ጋር አኑራው ተመለሰች።

እንድራቅ በጉም ተውጣ ነበር፤ ትንግርት ሸክላውን ከአፍንጫዋ ሳታርቅ ገባች። አሮጌው ሐረግ በአዳራሹ መካከል ተንዶ ንፍሮ ሆኗል። መኳንንቱ ግን በዚያ ክምር ዙሪያ ተሰልፈው ጠጃቸውን ያፈስሳሉ። የልጆቻቸውን ስም ረስተው የጽዋ ተራቸውን አልረሱም! ትንግርት ሸክላውን በመስኮቱ ላይ አኖረች። ቅጠሉ ተዘረጋ፤ ሐረጉ ተነፈሰ፤ ጉሙም ከአዳራሹ፣ ከጎዳናው፣ ከቅጥሩ እያፈገፈገ ወጣ። እናቷ ደጁን አልፈው እየሮጡ መጥተው አቀፏት። «ትንግርትዬ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

መኳንንቱም ልባቸው ተመለሰ። ሲመለስ መጀመሪያ ያስታወሱት ውለታዋን አይደለም፤ ሕጉን ነው። ቀጥሎ ጽዋቸውን ይዘው በአዲሱ ተክል ዙሪያ ተጋፉ።

ንጉሡም፣ «ልጄ፣ ሐመልማሉ በጽዋችን በረከት ዳግም ተወለደ በዪና ምሬሻለሁ» አለ።

ትንግርት ተክሉን አየች፤ የእናቷንም ፊት አየች። ይህን ካለች ነገ በጠጅ ያሰምጡታል። በእንድራቅ ደግሞ በጠያቂው ደም ያልታሰረ አዋጅ እስከ ማግሥቱ እንኳ አይከበርም።

«ውሸት አልናገርም» አለች። «ጓንጉል የሞተው በዚህ ውሸት ነው። ሕጋችሁ እጄን ይፈልጋል፤ ይኸው! በደሜ ግን አዋጅ እሰሩልኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሐረግ ጽዋ የሚያነሣ እጅ እንደኔ እጅ ይቆረጥ!»

የሚቆረጠው የሌላ ሰው እጅ ስለ ነበር መኳንንቱ ያለ አንዳች ክርክር ተስማሙ። ንጉሡ በዘውዱ ማለ። ራስ ደምፀ ብቻ ወደ ልጁ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ፤ ንጉሡ እያየው ነበር። ስለቱ ሲወርድ ትንግርት የእናቷን ዓይን ዓይን እያየች አልጮኸችም።

በማግሥቱ ማለዳ መስኮቱ ሥር፣ ክንዷ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከራሷ በላይ ሐረጉ ሌላ ቅጠል እየፈታ ነበር። መኳንንቱ እንደ ልማዳቸው በሰዓታቸው መጥተው ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ሁለት ሁለት እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት አያውቁም ነበር።