ለኒክሰን ቢ

«ለኒክሰን ቢ? አንቺ ልጅ፣ ያምሻል እንዴ?» ማርኮ ከኋላ ወንበር ጮኸ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጆሊን ሰሌዳው ፊት እንደቆመች ወረቀቷን ጨበጠች። የታሪክ አስተማሪዋ ሚስስ ፓዲላ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አድለው፣ «የሥልጣን ዘመኑን ገምግማችሁ ከኤ እስከ ኤፍ ማርክ ስጡት» ብለው ነበር።

«ዝም በሉ እስቲ» አሉ ሚስስ ፓዲላ። «ጆሊን፣ ሰውየው ሕዝብን ዋሽቶ፣ ምክር ቤቱ ሊያባርረው ሲል በገዛ እጁ የለቀቀ ነው። ቢ ለምን?»

«ሐይቃችንን መልሶልናላ።»

እሷ በምትኖርበት በታኦስ ፑዌብሎ፣ በቀደምት አሜሪካውያን መንደር፣ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። መንግሥት ከነተራራው ወስዶ ስድሳ አራት ዓመት የያዘውን ብሉ ሌክ የተባለውን ቅዱስ ሐይቅ የመለሰው ሕግ ላይ የፈረመው ኒክሰን ነው። ሚስስ ፓዲላ ግን የታች ከተማ ሰው እንጂ የመንደሩ ተወላጅ አይደሉም።

«ጥሩ። እዚያ ምን እንደምታደርጉ፣ ለምን ቅዱስ እንደሆነ ነገ አስረጂን። አለበለዚያ ይህን ግምገማ ማሳለፍ ይከብደኛል።»

የጆሊን የታሪክ ማርክ አፋፍ ላይ ነው። ይህን ከወደቀች በትምህርት ቤቱ ደንብ ቅዳሜ በክፍለ ግዛቱ የሩጫ ውድድር አትሰለፍም። ሐይቁ ዘንድ የሚደረገው ደግሞ ለውጭ ሰው አይነገርም።

ማታ አያቷ ደጅ ተቀምጠው የተጠበሰ ቃሪያ ሲልጡ አገኘቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ቢ ሰጠሽው?» አሉ ሳቅ እያሉ። «እጅሽ ለጋስ ነው። እኔ ብሆን ሲ ነበር የምሰጠው።»

«አባባ! እኔ ተጨንቄያለሁ፣ እርስዎ ይቀልዳሉ።»

«ሥልጣን ሲለቅ እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት አለቀሰችለት። ‹ዋሽቷል እኮ› ብላት በማማሰያ አናቴን አለችኝ።» ቃሪያውን አስቀመጡ። «ሁለቱም እውነት ነው፣ የኔ ሯጭ። ዋሽቷል። መልሶልናልም።»

«አስተማሪዋ ግን እዚያ ምን እንደምናደርግ ካልነገርኳት አላሳልፍም አለች።»

አያቷ ሌላ ቃሪያ አነሡ። ከዚያ፣ «መንግሥት በሐይቁ ፋንታ ገንዘብ እንስጣችሁ ሲል ሽማግሌዎቻችን እምቢ አሉ» አሉ። «ዋሽንግተን ሄደው ‹ቅዱስ ቦታችን ነው› አሉ። ምስጢሩን ግን እዚያም አልዘረገፉትም።»

«እና እኔ ምን ልበል?»

«አፉ ያንቺ ነው። እኔ አልይዘውም። አሁን እጅሽን ታጠቢና ላጪ፤ ዓይንሽን እንዳትነኪ ብቻ።»

በማግስቱ ጆሊን እንደገና ሰሌዳው ፊት ቆመች። መሬቱ እንዴት እንደተወሰደ፣ ገንዘቡ እንዴት እምቢ እንደተባለ፣ ሕጉ እንዴት እንደወጣ ተናገረች። ኒክሰን መዋሸቱንም አልደበቀችም።

«ኤ ያልሰጠሁት ለዚያ ነው» አለች።

«የቬትናም ጦርነትስ?» አለ ማርኮ።

«እሺ፣ ቢ ማይነስ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሚስስ ፓዲላም ፈገግ አሉ። እስክሪብቷቸው ግን የማርክ መዝገባቸው ላይ አልወረደም። «ደህና ተዘጋጅተሻል። ዋናው ጥያቄ ግን ቀርቷል። እዚያ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል።»

ጆሊን አንዱን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እሱን አልናገርም፣ ቲቸር። ሽማግሌዎቻችን ቅዱስ ነው አሉት፤ ለኒክሰን ያ በቃው፤ ፈረመ። ቢ የሰጠሁት ለዚህ ነው።»

«ሌላ የምትጨምሪው የለም?» አሉ ሚስስ ፓዲላ።

«ጨርሻለሁ።»

ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ማርኮ አንገቱን አስግጎ፣ «ቅዳሜስ?» አላት በሹክሹክታ። እሱም ከቡድኑ ሯጮች አንዱ ነው።

ጆሊን ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አንተ ትሮጣለህ» አለችው። «እኔ ካልሆነልኝ መጥቼ አጨበጭብልሃለሁ።»