ያልደረሰው መጥሪያ

የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሹ አቶ ወልደ ሚካኤል ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከሚኖሩበት ብሎክ ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት ማለዳ ላይ ነው። ጎረቤት የግብግብ ድምፅ ሰምቷል። ኢንስፔክተር ሀረገወይን ቦርሳቸውን ከፈተች። ስልካቸው አለ፤ ገና ያልታደሉ መጥሪያዎችም አሉ። ከማስታወሻ ደብተራቸው ግን አንድ ገጽ ተገንጥሏል።

ረፋዱ ላይ፣ አድርሰዋል ስለተባለው አንድ መጥሪያ ችሎት ቀርበው ሊመሰክሩ ነበር። መይሙና የምትባል ሴት ባሏን ማሽን የገደለበትን የውጭ ኩባንያ የቆዳ ፋብሪካ ከስሳ፣ ኩባንያው ስላልቀረበ በሌለበት ተፈርዶላታል። አሁን ኩባንያው «መጥሪያ አልደረሰኝም» ብሎ ፍርዱ እንዲነሣ አመልክቷል።

«ሥራ አስኪያጃችን ፈርሞ ተቀበለ ተባለ፤» አለ የኩባንያው ወኪል በከር። «ሰውየው ያን ወር አገር ውስጥ አልነበረም። አቶ ወልደ ሚካኤልን በምስክርነት ያስጠራሁትም እኔ ነኝ።»

ሀረገወይን መይሙናን ጌጃ ሰፈር፣ ከተከራየቻት ጠባብ ክፍል አገኘቻት። «ፍርዱ ከተነሣ ማሽኖቹን ጭነው ከአገር ይወጣሉ። ከዚያ ማንን ልክሰስ? ሟቹን ግን በመልክም አላውቃቸውም» አለችና ቃሏ ላይ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ጠበቃዋ እንድርያስ መቀመጥ አልቻለም። «ሰውየውን አይቻቸው አላውቅም! ለዘበኛ ሰጥተው ‹ሥራ አስኪያጁ ፈረመ› ቢሉ እኔ ምን ላድርግ?»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የኮንዶሚኒየሙ ግቢ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገጹን የወሰደው ገዳዩ ነው፤» አለች። «አቶ በከር ምስክሩን በሕይወት ይፈልጓቸው ነበር። ወይዘሮ መይሙና ማንበብ አይችሉም፤ ከዚያ ሁሉ ገጽ አንዱን ለይተው አይገነጥሉም። ከሥር ያለውን ገጽ በእርሳስ ሳሻሸው የእስክሪብቶው ጫና ወጣ። ‹ለዘበኛው ሰጠሁ። የሥራ አስኪያጁን ፊርማ ጠበቃው ፈረመ› ይላል። ስለ ዘበኛው ለማንም አልተናገርኩም። አቶ እንድርያስ፣ ሟቹን ካላዩአቸው ከየት ሰሙት?»

እንድርያስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«መጥሪያው በደንቡ እስኪደርስ ፋብሪካው ይነቀላል! ሲነጋጋ ሄጄ ለመንኳቸው። ‹ምዬ አልዋሽም› አሉኝ። ደብተሩን ስቀማቸው ታገሉኝ፤ ገፈተርኳቸው። ለአንቺ ብዬ ነው፣ መይሙና!»

«በእኔ ስም ሰው ይገደላል?» አለች መይሙና።

ፖሊሶች ወሰዱት። በከርም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«አሁን ፍርዱ ይነሣል?» ጠየቀች መይሙና።

«ይነሣል። መጥሪያውም እንደ አዲስ ይወጣል» አለቻት ሀረገወይን።

«እስከዚያ ፋብሪካው አይጠብቀኝም።»

ከብሎኩ ሦስተኛ ፎቅ የሴት ልቅሶ ይሰማል።

«የሟቹ ሚስት ናት?» አለች መይሙና።

«አዎ።»

መይሙና ሻሿን አጥብቃ አሰረችና የብሎኩን ደረጃ መውጣት ጀመረች።