የኤውላልዮ ሰማያዊ ሐብል

በታስኮ ከተማ ብር አንጥረኛውን ኤውላልዮን የማያውቅ የለም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ሲራመድ ደረቱ ይቀድመዋል። ቢኮራም ያምርበታል፤ ከእጁ የሚወጣ ጉትቻ ዓይን ያፈዛል። አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበረው። ብሩን ቀለም የሚያስይዝበትን የድኝ ውህድ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱን ጠርቅሞ ያፈላል። እንደ እሱው ብር አንጥረኛ የሆኑት ሽማግሌው ጎረቤቱ ዶን ኒካኖር ሽታውን ተከትለው ሙያዬን ይሰርቁኛል ብሎ ይፈራል።

ዘንድሮ ለከተማው ውድድር ሰማያዊ ሐብል ሊያቀርብ ቆርጦ ተነሣ። ብሩ ግን አሻፈረኝ አለ። በተነከረ ቁጥር ሰማያዊውን በጨረፍታ አሳይቶ ከሰል ይመስላል። ኤውላልዮም እልህ ይዞት እሳቱን ይጨምራል። ባለቤቱ ዶሚቲላ እዚያው ባቄላ እየቀቀለች ትስላለች።

«ኧረ መስኮቱን ክፈተው፤ ደረቴ ታፈነ።»

«የተበላሸ እንቁላል ሽታ ማንን ገደለ? ትንሽ ታገሺ።»

«አንተ ቀለም ስትደብቅ እኔን ትቀብረኛለህ» አለችው።

ጥቂት ቆይቶ ሽታው የጠፋ መሰለውና ደስ አለው። ሽታው ግን አልጠፋም፤ የደነዘዘው አፍንጫቸው ነበር። ዶሚቲላ ማማሰያውን እንደያዘች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ተሸክሟት ግቢ ሲወጣ ቀድመው የደረሱት እኚያው ዶን ኒካኖር ናቸው፤ ሐኪምም የጠሩት እሳቸው። ሐኪሙ ውህዱ ሲፈላ መርዘኛ ጋዝ እንደሚያወጣ፣ ወጥ ቤት ውስጥም ጨርሶ መግባት እንደሌለበት ነገረው። ዶሚቲላ ኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ ኤውላልዮ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ ነፋስ በሚነፍስበት ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ውህዱን ለብ ባለ ውሃ ብቻ በጠበጠ። ሐብሉን ነከር አድርጎ አወጣውና በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አደረገው። ወርቃማ ሆነ፤ ቀጥሎ ሐምራዊ፤ ከዚያ ሰማያዊ። እዚያ ላይ አቆመው። ለካ ሲያጠቁረው የኖረው የገዛ እሳቱ ነው።

«ዶን ኒካኖር! ለውድድሩ የሠሩትን ሐብል ይዘው ይምጡ» ሲል ከጣሪያው ተጣራ።

«ሙያህን ልትሰጠኝ? ምን ነካህ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው፣ እየተጠራጠሩ ደረጃውን ሲወጡ።

ወገኖቼ፣ የቤት ሰው ትንፋሽ የሚከፈልበት ምስጢር ሙያ አይባልም። ሙያ በአደባባይ ሲሠራ ያኮራል።

በውድድሩ ዶን ኒካኖር አንደኛ ወጡ፤ ኤውላልዮ ሁለተኛ። ዶሚቲላ ከፍቶት እንደሆነ ብላ ዘወር ስትል፣ ባሏ ደረቱን ነፍቶ፣ የማያውቀውን ሰው ሁሉ እያስቆመ «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» ይላል።