ከሃርላን በታች ያሉት ሦስቱ

በሰሜን አሜሪካ ድንበር አጠገብ ያለችው ዱሉዝ ከተማ በዚያ ታኅሣሥ ብርዱ የተፋኸው ምራቅ መሬት ሳይደርስ ድንጋይ የሚሆንበት ነበር። ካፒቴን ሃርላን ኦስትቢን ግን የገደለው ሙቀት ነው።

ሬሳው የተገኘው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አራት አብራሪዎች በጋራ ከተከራዩት ቤት ጓሮ፣ ከእንጨት በተሠራው ሳውና፣ ላብ ለማውጣት በሚሞቅበት ክፍል ውስጥ ነበር። የአሟሟት መርማሪዋ ሌምፒ ሃራላ ስትደርስ ሸሪፍ ጋስ ሊንዳል አንዷን አብራሪ በካቴና አስሮ፣ ዶናቱን እየገመጠ ጠበቃት።

ሌምፒ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ያማታል፤ እንቅልፍ ከጠገበች አሥር ዓመት አልፏታል። ግን ከካናዳ ድንበር እስከ ሜክሲኮ ብትዞሩ እንደ እሷ ያለ ዓይን አታገኙም። ትንኝ ስታዛጋ የምታይ ሴት ናት፤ ካላመናችሁ የራሳችሁ ጉዳይ።

«ልቡ ነው ብዬ ልዘጋው ነበር» አለ ሸሪፉ። «ጥፍሮቹን ሳይ ተውኩት።»

የሟቹ ጥፍሮች ተሰባብረው የበሩ ስንጣሪ ተሰግስጎባቸዋል። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ከውጭ በኩል፣ ከመያዣው ሥር፣ እንጨቱ አዲስ ተልጧል። ሌምፒ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን የበረዶ አካፋ አንስታ እጀታውን ወደ ተላጠው ቦታ ስታስጠጋው ልክክ አለ።

«አንድ ሰው በሩን በዚህ ቆልፎበት ሄዷል» አለች። « ልጅቷን ለምን አሰርካት?»

«ሬኔ ቲቦ ትባላለች፤ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። አየር መንገዱ ከጥር ጀምሮ እዚህ የሚያስቀረው ሦስት ካፒቴን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ አራተኛ ናት። አንድ ሰው ከሞተ ሥራዋ ይተርፋል። ሲመሽ እስር ቤት አስገባታለሁ።»

«እስኪመሽ ጊዜ ስጠኝ» አለች ሌምፒ፣ ጉልበቷን እያሸች።

አራቱ በሚሠሩበት በታማራክ አየር መንገድ ሰው የሚለካው በተቀጠረበት ቀን ነው። በየወሩ የበረራ ፕሮግራሞች ይለጠፋሉ። እያንዳንዱ አብራሪ የሚፈልገውን በቅደም ተከተል ቅጽ ላይ ጽፎ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይወስዳል። ቅዳሜና እሑድ የሚያሳርፈው ፕሮግራም አንድ ብቻ ነው። ሃርላን አንደኛ ስለነበር ያንን ለማንም ለቅቆ አያውቅም።

ሌምፒ ለጥያቄ ስትጠራቸው መጀመሪያ ወጥ ቤት የገባው በቅጥር ሦስተኛው፣ ዶይል ኬስለር ነው።

«ዛሬ ጠዋት ምን ሠራህ?»

«ቅጼን ሳጥን ከተትኩ። ሦስተኛ ነኝ፣ ሦስት ምርጫ ጻፍኩ። ሁለቱን ይነጥቁኛል፣ ሦስተኛው የእኔ ነው። አራተኛ ብጨምር ቀለም ማባከን ነው።»

«ሃርላንን ትወደው ነበር?»

«እሱን? ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው የመሸኛውን ኬክ ያዘዝኩ ሰው ነኝ!»

ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቨርን ማቲላ መጣ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሐይቁ በረዶ ተሰንጥቆ የተናደ ይመስል ነበር፣ እንዲህ ዓይነት ድካም አይቼ አላውቅም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለተኛ ነኝ» አለ። «የቀድሞ ሚስቴ ራሷ ‹ሁለተኛው መጣ› ትለኝ ነበር።»

«ልጅ አለህ?»

«አንዲት። ሂቢንግ ከተማ ከእናቷ ጋር ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ፤ እሷ ትምህርት ቤት ትሆናለች።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ቅጼን አስገብቼ ተመለስኩና ተኛሁ። የሬኔ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

ሬኔ እጇ እንደታሰረ ገባች።

«አንቺስ ስንት ምርጫ ጻፍሽ?»

«እኔ? ፊርማዬን ብቻ። የተረፈው የእኔ ነው። ወይዘሮ ሃራላ፣ አራት ቀን ሙሉ በርሬ ነው ትናንት የገባሁት። ትንሽ ልሙቅ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

ሌምፒ መኪናዋን አስነስታ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። የአየር መንገዱ ጸሐፊ ሳጥኑን ከፈተችላት፤ ቀጥሎም አቧራ የጠጡ ማኅደሮች አወጣችላት። ሌምፒ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገለጠች።

ሊመሽ ሲል ሁሉንም የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሃርላን ሳውና የሚገባው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሦስታችሁም እዚህ ነበራችሁ» አለች። «እሱ ሲሞት ሦስታችሁም አንድ አንድ ደረጃ ትወጣላችሁ። ስለዚህ ምክንያት ብቻውን አይለያችሁም፤ ጋስ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው።»

«እሺ ባክሽ» አለ ሸሪፉ።

ሦስት ቅጽ ዘረጋች። «ሦስቱም ሃርላን መሞቱ ሳይሰማ የገቡ ናቸው፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ማሽን የገቡበትን ሰዓት መትቶባቸዋል። ዶይል ሦስት ምርጫ ጽፏል፤ ከላዩ ሁለት ሰው አለ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሬኔ ፊርማዋን ብቻ አኑራለች፤ ከላይዋ ሦስት ሰው አለ ብላ ነው። ቨርን፣ ያንተ ላይ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚያሳርፈው።»

«ሌላውን ስላልፈለግኩት ነው።»

«ሃርላን ቢወስደውስ? ሌላ ካልጻፍክ ሁሉም መርጠው የተረፈውን ይሰጡሃል። የድሮ ቅጾችህን ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ ሃያ ሰባት። ሁሉም ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንድ ጽፎ የሚያቆም አንደኛው ሰው ብቻ ነው። ቅጽህ የገባው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ሬሳው የተገኘው አራት ሰዓት ላይ። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አንደኛ መሆንህን ማን ነገረህ?»



ቨርን እጁን እንደ ባዕድ ነገር አየው። «ሁለተኛውን መጻፍ ትዝም አላለኝ» አለ።

«ዓመት ከመንፈቅ መጠበቅ አቅቶህ?»

«እኔማ እጠብቅ ነበር። ልጄ አሥራ አራት ሞላት። በፊት ‹ቅዳሜ የምትመጣው መቼ ነው?› ትለኝ ነበር። በዚህ መስከረም መጠየቁን ተወችው።»

ሸሪፉ ካቴናውን ከሬኔ እጅ ፈቶ ቨርን ላይ አሰረ። መኪናው ሲርቅ ዶይል ወደ ሬኔ ዞረ።

«አየሽ አይደል? በአንድ ቀን ከአራተኛ ሁለተኛ ሆንሽ። ማንም አያባርርሽም።»

«ዶይል፣ እባክህ።»

ሬኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ቤት ለሃርላን ያለቀሰ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች።