ከውሃው ዳር የተዘረጋው ሜትር

ሬሳው ወንዙ ዳር በደረቱ ተደፍቷል። ቁስሉ ግን ከማጅራቱ በላይ ነው። መዶሻና ጥቂት ካስማዎች አጠገቡ ተበትነዋል፤ የመለኪያ ሜትሩም ዜሮው ከውሃው ጠርዝ በድንጋይ ተይዞ ሽቅብ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ተዘርግቷል።

ፖሊሶቹ «ሲለካ አዳልጦት ነው» ብለው ጨርሰዋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ መርማሪዋ አልቸኮለችም። ቀና ስትል ያለፈው ክረምት ጎርፍ ያንጠለጠለው ጨርቅና ፌስታል ከዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ይወዛወዛል። ከታች ውሃው ጠቁሮ ዝም ብሏል። ዝምታው አላማራትም።

ሟቹ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነበር። በወንዙ ዳርቻ ምን ይሠራ፣ ምን አይሠራ የሚለውን ደንብ ያረቀቀው እሱ ነው። ረቂቁን የሚመረምረው ስብሰባ ዛሬ ሊጠናቀቅ ነበር።

እዚያ ሆቴል ሊሠራ ያሰበው ባለሀብት ነገሩን አልሸፋፈነም።

«ጠልቼዋለሁ። ሠላሳ ሜትር ራቁ ማለቱ ሳያንስ፣ ልኬቱ ጎርፍ ከደረሰበት ዛፍ ይጀምር አለ። ስብሰባ በመጣን ቁጥር በዚሁ ስንጨቃጨቅ ከረምን።»

«አልተስማማችሁም?»

«ከድንጋይ ጋር ማን ይስማማል?»

የሟቹ ባልደረባ የሆነችው መሃንዲስ ዓይኗ አብጧል።

«እኔም ትናንት በአንድ አንቀጽ ተጣልቼዋለሁ» አለች። «በመጨረሻ ግን እጄን አወጣሁለት። ዛሬ ሊነበብ ነበር።»

መርማሪዋ የሟቹን ታላቅ ወንድም በአሮጌው ቤት በረንዳ ላይ አገኘችው። ቤቱ የእናታቸው ነው።

«እርስዎስ ስብሰባው ላይ ነበሩ?»

«አንድም ቀን። ለወንድሙ አዳላ እንዳይባል ብዬ። ስለ ደንቡም አንስተን አናውቅም። የሰው አፍ ክፉ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሜትሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ያዳለጠው ሰው በደረቱ ወድቆ ማጅራቱ አይፈነከትም። ከኋላው ሰው ነበር። ያ ሰው ሬሳውን ወደ ውሃው ጎተተና አደጋ እንዲመስል ሜትሩን ዘረጋ። ግን ከየት ጀምሮ? ከውሃው። ሟቹ የሚለካው ጎርፍ ከደረሰበት ዛፍ ነው፤ ወደ ውሃው የሚያወርደው ጉዳይ አልነበረም። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ። ባለሀብቱም ሲጨቃጨቁበት ከርመዋል። ከውሃው ይለካል ብሎ የሚያስብ፣ ስብሰባውን ያልረገጠ ሰው ብቻ ነው።»

ታላቅየው አላስተባበለም። ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ካስማውን ቤቱን አልፎ ሲተክል ደረስኩ። ቤቱ ወሰን ውስጥ ገባ፣ ይፈርሳል ማለት ነው። የእናታችን ቤት እኮ ነው፣ ትንሽ ሳበው አልኩት። ‹ካስማ በዝምድና አይሳብም። ያልጸደቀ ነገርም አላወራም፤ ነገ ስብሰባው ላይ ና› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። መዶሻው እግሬ ስር ነበር።»

መሃንዲሷ አፏን በእጇ ያዘች። መርማሪዋ ረቂቁን ጠዋት አንብባዋለች፤ ይህን መናገር ግን ከበዳትና ወደ መሃንዲሷ ዞረች።

«ዛሬ ሊነበብ የነበረው አንቀጽ ምን ይላል?»

«ነባር ቤቶች አይነኩም ይላል። ካስማው የሚከለክለው አዲስ ግንባታ ነው። ቤቱማ ይቆይ ነበር።»

ሰውየው ቤቱን ትክ ብሎ አየው።

«ነገ ና ብሎኝ ነበር» አለ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች።