አራተኛው ቅጠል

መቶ አለቃ ምናሴ ሲደርስ ግራዝማች ወልደማርያም ምሳ ገበታቸው ላይ እንደተደፉ ነበሩ። ጊዜው ግንቦት 1957 ዓ.ም. ነው፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሬሳ አያቆዩም። አጥሩን የከበበው ሕዝብ ደግሞ «አብሳይዋን አውጡልን!» እያለ ድንጋይ ጨብጧል። ምናሴ አንድ ቦታ መቆም አቃተው፤ ከጓዳ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ጓዳ ይመላለሳል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «መርዝ ነው» ብሎታል።

አብሳይዋ ጣይባ ጓዳ ውስጥ እጇን ታስራለች። ፈታላት።

«ምን ሠራሽላቸው?»

«ፓስታ በስጎ፣ ጌታዬ። ላውሮ ጨምሬበት።»

«ላውሮ ደግሞ ምንድን ነው?»

ከመደርደሪያው ቆርቆሮ አወረደች፤ ውስጡ ደረቅ፣ ረዘም ያለ ቅጠል አለ።

«ከመንገድ ሠሪዎቹ ጣልያኖች ወጥ ቤት የለመድኩት ነው። ስጎውን መዓዛ ይሰጠዋል፤ ለሆድ ቁርጠት ተፈልቶ ይጠጣል፤ ከዱቄት ነቀዝ ያባርራል። ወላሂ፣ ሰው ገድሎ አያውቅም! ሦስት ጨመርኩ፤ ጉሮሮ ስለሚወጋ ሦስቱንም አወጣሁ። ሳህኑ ላይ ጨልፌ ለዙሁር ሰላት ጓሮ ሄድኩ። ስመለስ እትዬ አስካለ ወስደውታል።»

ጥራጊው ውስጥ ሦስት እርጥብ የላውሮ ቅጠሎች አገኘ።

የሟች ሚስት ወይዘሮ አስካለ ፊቷን ነጭታለች።

«ያቀረብኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እንደወደቁ ሳህኑን በሰፌድ ከደንኩት።»

«ማን ገለጠው?»

«እስካሁን ማንም።»

«ሳህኑ ላይ ስላለው ነገር ለሰው አውርተዋል?»

«ራሴንም አላወቅሁ፣ እንኳን ሳህኑን!»

ምናሴ ሰፌዱን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ከደነው። በረንዳው ላይ የእርሻ ጎረቤታቸው አቶ ደምሴ ላቡን ይጠርጋል።

«መቼ መጡ?»

«ጩኸት ሰምቼ ነዋ፣ ከእርሻዬ! ምን ያመራምራል፣ መቶ አለቃ? ቅጠሏ እሳህኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የለ!»

ምናሴ ሦስቱንም አዳራሽ ሰበሰበ። ሰፌዱን አነሣ፤ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ያገኘውን ቅጠል በጣቶቹ ሰበረው። ቀጭ አለ።

«የተቀቀሉት ሦስቱ እንደ ጨርቅ ይታጠፋሉ። አራተኛው ይሰበራል፤ እሳት አላየም። ስለዚህ ስጎው ከተጨለፈ በኋላ የተቀመጠ ነው። ጣይባ ለቅማ ያወጣችውን ለምን ትመልሳለች? መርዙን የጨመረው ሰው ግን፣ እሷ ስትሰግድ ጓዳ ገብቶ፣ ነገሩ በቅጠሏ እንዲላከክ ከቆርቆሮው አንዱን አኖረ። ሳህኑ ከዚያ ወዲህ ተከድኗል። አቶ ደምሴ፣ ከጩኸቱ በኋላ ከመጡ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን በየት አዩት?»

ደምሴ በሩን አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«የእርሻችንን የድንበር ድንጋይ መንቀሌን ወልደማርያም ነገ ችሎት ፊት ሊመሰክርብኝ ነበር» አለ።

ሲወስዱት አጥሩ ጋ ያለው ሕዝብ የጨበጠውን ድንጋይ ጣለ። አስካለ ጣይባ ወደተመለሰችበት ጓዳ በር ሄደች።

«ጣይባ፣ ያሳሰርኩሽ እኔ ነኝ። አጠፋሁ፣ እህቴ።»

ጣይባ አልፋት አዳራሽ ገብታ ከግራዝማች እግር ሥር ተቀመጠች።

«ጌታዬ» አለች፣ «ምሳዎን እንኳ ሳይጨርሱ!»

የለቅሶው ጩኸት ከዚያ ተነሣ።